ኳስ የማይነካው ዘጠኝ ቁጥር

ኣባዲ የግራ ዐይኑን ያጣው በጥቅምት ወር፣ አንድ ተራ የልምምድ ጨዋታ ላይ ነው። ከማዕዘን የተሻማች ኳስ በጭንቅላቱ ሊገጭ ሲዘል፣ አብሮት የዘለለው ተከላካይ ክርን ፊቱ ላይ አረፈ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ቀስ በቀስ ተወው፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ትንሽ መብራት እያበራ ደጋግሞ ካየው በኋላ መብራቱን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና፣ «ሌላኛውን ጠብቀው» አለው።

ኣባዲ ከሐኪም ቤቱ ወጥቶ በቀጥታ ቡድኑ ወደሚለማመድበት ወደ ማይ ጭሆት ሜዳ ሄደ። ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ጓደኞቹ እስኪጨርሱ ድረስ አያቸው። ከዚያ ለአሰልጣኙ፣ «ሰኞ እመጣለሁ» አለና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በአስመራ አንድ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። አባቱ ከከተማው ወጣ ባለችው መንደር፣ ዓዲ ጓዕዳድ ውስጥ፣ ወፍጮ ይጠግናሉ። ባለፈው ዓመት ቡድኑ ካገባቸው ጎሎች ከግማሽ የሚበልጡት የእሱ ነበሩ፤ አብዛኞቹንም ያገባው በቴስታ ነው። የአስመራ ቡና ቤቶች ውስጥ ስሙን የማያውቁ ሰዎች እንኳ «ያ የኮሌጁ ዘጠኝ ቁጥር» ሲሉ ማንን ማለታቸው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ አንድ የኮሌጅ ቡድን እየመጣ ለዋንጫ ይጋጠማቸዋል። ዓምና ተሸንፈው ነበር። ዘንድሮ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን እዚሁ ለማስቀረት ተማምለዋል።

ሰኞ ዕለት መለያውን ለብሶ ወጣ። የቀኝ ክንፉ ኣስፋው እንደ ወትሮው ኳስ አሻማለት። ኣባዲ ዘለለ፤ ኳሷ በጆሮው በኩል ሽው ብላ አለፈች። ደግሞ አሻማለት። በዚህኛው ቀድሞ ዘለለና እግሩ መሬት ሲነካ ኳሷ ገና እየመጣች ነበር። ኳሷን ያያታል፤ ምን ያህል እንደራቀችው ግን አንድ ዐይን አይነግረውም። ሦስተኛዋ አፍንጫው ላይ አረፈች። ከጓደኞቹ መሀል አንድም የሳቀ አልነበረም። በዚያ ቀን ከኳሷ ይልቅ ያመመው ይህ ዝምታ ነው።

አሰልጣኙ መምህር ተወልደመድኅን በወጣትነታቸው፣ በጣሊያን ጊዜ፣ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበሩ። ሜዳ ላይ እንኳ ክራቫታቸውን አይፈቱም፤ ባርኔጣቸውንም አያወልቁም። ልምምዱ ሲያበቃ ኣባዲን ባሕር ዛፉ ሥር ጠሩት።

«ኣባዲ ወደይ፣ ልጄ፣ ዘንድሮ እኔ አጠገብ ተቀመጥ። ልጆቹን አብረን እናሠልጥን።»

«ኣይፋልን መምህር፤ አልቀመጥም።»

«እንዴት ኣይፋልን? ኳሷን አታያትም እኮ!»

«እኔ ኳሷን አላያትም። ተከላካዮቹ ግን እኔን ያዩኛል።»

መምህሩ ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባቸውም። ኣባዲ በጫማው ጫፍ አፈሩ ላይ የግቡን ሁለት ቋሚዎች ሠራ።

«ዓምና አንዱ ተከላካይ እዚህ ከፊቴ፣ ሌላው እዚህ ከኋላዬ ነበር። የትም ብሄድ አይለቁኝም። ዘንድሮም አይለቁኝም፤ ስለ ዐይኔ ማን ነገራቸው? ኣስፋው ኳስ ይዞ በቀኝ ሲገባ እኔ ወደ እሱ ብሮጥ ሁለቱም ተከትለውኝ ይመጣሉ። የግቡ ፊት ባዶ ይሆናል። ኣስፋው ለእኔ ያሻማ መስሎ መሬት ለመሬት ወደ ኋላ ይሰጣል። ሌላ ሰው ከግራ ደርሶ ይመታታል።»

«አንተስ?»

«እኔ ኳሷን አልነካትም።»

መምህሩ ከት ብለው ሳቁ፤ ፊቱን ሲያዩት ግን ሳቃቸውን ዋጡ። «ስማ፣ የዘጠኝ ቁጥር ሥራው ማግባት ነው። ከእኔ በፊትም እንዲህ ነበር፣ ከእኔ በኋላም እንዲሁ ይሆናል። አሥራ አንድ ሰው እያለኝ በአሥር ልጫወት?»

«እኛ አሥር እንሆን ይሆናል። እነሱን ግን ዘጠኝ እናደርጋቸዋለን።»

መምህር ተወልደመድኅን አፈሩ ላይ የተሠራውን ሥዕል ትንሽ አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ «ዐርብ ከትምህርት በኋላ ክፍል እንገናኝ። ለልጆቹ አንተው ራስህ ንገራቸው» አሉት።

ዐርብ ዕለት ተጫዋቾቹ ጠመኔ የሚሸት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ኣባዲ ሰሌዳው ፊት ቆሞ በአማርኛ ጀመረ። ወዲያው አምበሉ ዘርእዝጊ እጁን አነሣ። ዘርእዝጊ የመሀል ተጫዋች ነው፤ ከኣባዲ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል።

«ስለምንታይ ብኣምሓርኛ?» አለው። ለምን በአማርኛ ማለቱ ነው። አማርኛ የትምህርት ቤት ቋንቋቸው እንጂ የሜዳ ቋንቋቸው አልነበረም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር የነበራት ፌዴሬሽን ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ማንም ሰው ሳይገደድ በአማርኛ ሲናገር ዘርእዝጊን ይከነክነዋል።

«አዲሱ ልጅ፣ ክፍሉም፣ እንዲሰማ ነው» አለ ኣባዲ።

ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ። ክፍሉ የሚባለው ልጅ መጨረሻው ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። አባቱ ሻምበል ናቸው፤ ወደ አስመራ ሲዛወሩ እሱም ከደብረ ብርሃን መጥቶ በዚያው ዓመት ኮሌጅ ገባ። ግራ እግረኛ ነው፤ ሩጫው አይጣል ነው። ትግርኛ አያውቅም። ሜዳ ላይ ኳስ የሚደርሰው ሌላ የሚቀበል ሰው ሲጠፋ ብቻ ነበር።

«ባዶው ቦታ ላይ ደርሶ የሚመታው እሱ ነው» ሲል ኣባዲ ጨመረ።

ክፍሉ ከሁሉም ይበልጥ ደነገጠ። «እኔ?»

«ከአንተ ቀድሞ እዚያ የሚደርስ የለማ።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ጋለ። ዘርእዝጊ ተነሥቶ ጠመኔውን ከኣባዲ እጅ ወሰደ። «መሬት ለመሬት ወደ ኋላ የምትሰጠው ኳስ የእነሱን እግር ብታገኝስ? ሁላችንም ወደ ፊት ወጥተናል። በሁለት ፓሳ በረኛችን ጋ ይደርሳሉ። ረጅሟ ኳስ ብትበላሽ ግን ከሜዳ ወጣች፣ አለቀ።»

«እውነት ነው» አለ ኣባዲ። «ስለዚህ አንተ አትወጣም። ከኋላ ትቀራለህ።»

«እኔ አልወጣም፣ አንተ አትነካም። ታዲያ ማን ነው የሚጫወተው?»

የታፈነ ሳቅ ተሰማ። መምህር ተወልደመድኅንም ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ ከተቀያሪዎቹ ረጅሙን ልጅ በኣባዲ ቦታ አስገብተው ከሁለቱም ክንፍ ኳስ እንዲሻማለት ነበር የፈለጉት። ኣባዲ ራሱን ነቀነቀ። «ልጁ ረጅም ነው መምህር፤ ግን የሚያውቀው የለም። ለእሱ አንድ ጠባቂ ይበቃዋል። ለእኔ ሁለት ይመድባሉ። ዐይኔ ቢጠፋም ስሜ ገና አልጠፋም፤ በስሜ እንጠቀም።»

«ይሁን» አሉ መምህሩ። «ግን መቼ እንደሚሠራ የምነግራችሁ እኔ ነኝ። ባርኔጣዬን ካነሣሁ ትሄዳላችሁ።»

«እርስዎ ባርኔጣውን እስኪያነሡ ክፍተቱ ይዘጋል። ከሜዳው ውስጥ ነው መጠራት ያለበት።»

«እኔ ከውጭ ሆኜ ሁሉን አያለሁ!» አሉ መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ያውም በሁለት ዐይን!»

መምህሩ ያሉት ነገር ለራሳቸው ሲሰማቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ክራቫታቸውን ነካኩ። ኣባዲ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ልክ ነዎት መምህር» አለ። «እኔ መጥራት አልችልም። ዘርእዝጊ ይጥራው። መሀል ስለሆነ ሁለቱንም ወገን ያያል።»

ዘርእዝጊ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «እኔ እኮ አላመንኩበትም!»

«ለዚህ ነው አንተን ያልኩት። ያላመነ ሰው ያለ ቦታው አይጠራውም።»

የሚጠራበት ቃል ደግሞ ሌላ ክርክር አስነሣ። በአማርኛ ከሆነ የአዲስ አበባ ልጆች ወዲያው ይሰማሉ። «ግራ» እና «ቀኝ» በትግርኛም ቢባል ለመገመት ቀላል ነው። ኣስፋው በቀልድ፣ «የአውቶቡስ ፌርማታ ስም እንጥራ» አለ። ቀልዱ ሁሉንም አስማማቸው። ሰምበል ከተባለ ኳሷ ወደ ግራ ክንፍ ትሄዳለች። ማይ ጭሆት ከተባለ ከቀኝ ወደ ግቡ አፍ ከፍ ብላ ትሻማለች። አዲሱ ዘዴ ዓዲ ጓዕዳድ ተባለ። ክፍሉ ቃሉ ከብዶት «አዲ ጓዳድ» ሲል ሁሉም ሳቁ፤ ደገመው፣ ደግመው ሳቁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ ጋር የሳቁበት የመጀመሪያ ቀን ይህ ነበር።

ሰሌዳ ላይ ያማረው ነገር ሜዳ ላይ አልሠራ አለ። ኣባዲ ይሮጣል፤ ሁለቱ ተቀያሪ ተከላካዮች ይከተሉታል፤ ኣስፋው ወደ ኋላ ይሰጣል፤ ክፍሉ ግን ቀድሞ ደርሶ ኳሷ ከኋላው ታልፋለች። ሌላ ቀን ዘግይቶ ይደርስና ኳሷን ተከላካይ ይወስዳታል። መምህሩ ያለ ኳስ እንዲለማመዱት አዘዙ። ከሜዳው አጠገብ የሚያልፉ ሰዎች አሥራ አንድ ጎረምሳ በባዶ ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ እያዩ ይገረሙ ነበር። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። ኣባዲ ልምምድ ሲያበቃ ብቻውን ይቀርና ያንኑ ሩጫ ይሮጣል። የግራውን ጎን ስለማያይ ከሰውም ከቋሚም እየተላተመ ትከሻው ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው ክፍሉ ነው። አንድ ቀን ኣስፋውን አስቁሞ ወደ ኣባዲ መጣ።

«አንተን እያየሁ ነው የምነሣው፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። አንተ ሩጫህን አንዴ ታፈጥናለህ፣ አንዴ ታዘገማለህ። ከእንግዲህ አንተን አላይም። ተከላካዩን ነው የማየው። አንተን ሊከተል ዞሮ ጀርባውን ሲሰጠኝ ያን ጊዜ እነሣለሁ።»

ኣባዲ ትንሽ አሰበ። «ጀርባውን ባይሰጥህስ?»

«እንግዲያው አልነሣም። የሚያየኝ ከሆነ መነሣቱ ምን ይጠቅማል?»

ሞከሩት። ክፍሉ የተከላካዩን ትከሻ ተመልክቶ ተነሣ፤ ኳሷ እግሩ ላይ መጣችለት፤ መታት፤ መረቡ ተወጠረ። መምህር ተወልደመድኅን ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ምክንያቱ ሙቀት ነው አሉ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አልተናገሩም። በማግስቱ ያወጡት የሰልፍ ዝርዝር ላይ ግን ዘጠኝ ቁጥር ኣባዲ ነበር።

ዝርዝሩ በወጣበት ቀን ዘርእዝጊ ወደ ከተማ ሲወርዱ ኣባዲን መንገድ ላይ ያዘው። በትግርኛ ነበር የሚያወሩት።

«ለመኮንን ልጅ መንገድ ጠራጊ ልትሆን ነው?» አለው። «ሰው ሁሉ ጎሉን ሲያገባ የሚያየው እሱን ነው። አንተን የሚያይህ የለም።»

«አይየኝ።»

«ወንድሜን ከቤት የወሰዱት የአባቱ ባልደረቦች ናቸው። እስከ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። እናቴ በየሳምንቱ ምግብ ይዛ በየእስር ቤቱ በር ትዞራለች። ይህን እያወቅህ ነው?»

ኣባዲ ቆመ። የዘርእዝጊን ታላቅ ወንድም ያውቀዋል፤ ኳስ መግጨት ያስተማረው እሱ ነው። «አውቃለሁ ሓወይ፣ ወንድሜ። አባቱን ግን ቡድኑ ውስጥ አላስገባሁም። ልጁን ነው ያስገባሁት። ልጁ ምን አደረገህ?»

ዘርእዝጊ እርምጃውን አፍጥኖ ጥሎት ወረደ።

በግንቦት ውስጥ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙ ሞላ። ጥላ ባለው ወገን ሹማምንቱና መኮንኖቹ ከነቤተሰባቸው ተቀምጠዋል፤ ፀሐይ በሚመታው ወገን የከተማው ሰው ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ ታጭቋል። የአዲስ አበባው ቡድን ጨዋታውን በፍጥነት ጀመረ፤ ገና ሰው ተረጋግቶ ሳይቀመጥ ከቅጣት ምት ጎል አገባ። የመሀል ተከላካያቸው ግንባረ ሰፊ፣ ግዙፍ ልጅ ነው። ኣባዲ እንደጠበቀው ይህ ልጅ አንድ ሌላ ጨምሮ ከእሱ ጋር ተጣበቀ።

ኣስፋው ሁለት ጊዜ በቀኝ በኩል ሰብሮ ገባ። ሁለቱንም ጊዜ ኣባዲ ጆሮውን አቁሞ የዘርእዝጊን ድምፅ ጠበቀ። በመጀመሪያው ዘርእዝጊ «ሰምበል» አለ፤ ኳሷ ወደ ግራ ሄዳ ባከነች። በሁለተኛው ምንም አላለም። የመጀመሪያው ግማሽ አንድ ለዜሮ አለቀ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ኣባዲ ከዘርእዝጊ ፊት ቆመ።

«ለምን አልጠራኸውም?»

ዘርእዝጊ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። «አየሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቱንም ጊዜ ክፍት ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።»

«እኔም አየሁት» አሉ መምህሩ ከበሩ። «ባርኔጣዬን ላነሣ እጄ ተነሥቶ ነበር። ግን ጥሪው ያንተ ነው ተባብለናልና ተውኩት። አሁንም ያንተ ነው።»

ክፍሉ በአንድ ጥግ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣ ነበር። ጠርሙሱን አስቀመጠ። «ዘርእዝጊ» አለ፤ «እኔን ከጠላኸኝ ሌላ ሰው እዚያ አስገባ። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ እከላከላለሁ። ዘዴው ግን ይጠራ። ኣባዲ ለእሱ ሲል ትከሻው እንዴት እንደሆነ አይተሃል።»

ዘርእዝጊ ቀና ብሎ አየው። «ቦታህ ላይ ሁን» አለው በአማርኛ። «እጠራዋለሁ።»

ጠራውም። ሁለተኛው ግማሽ እንደተጀመረ ኣስፋው ሰብሮ ሲገባ «ዓዲ ጓዕዳድ!» የሚለው ድምፅ ሜዳውን አናወጠው። ኣባዲ ወደ ኣስፋው ተፈተለከ። ነገር ግን ግዙፉ ተከላካይ አልተከተለውም፤ ባለበት ቆሞ ለክፍሉ የተሰጠችውን ኳስ ቀማ። በመጀመሪያው ግማሽ ይህ ዘጠኝ ቁጥር አንድም ኳስ እንዳልነካ ልብ ብሎ ነበር። የሚያስፈራ ነገር ካላየ ለምን ይከተለዋል?

ኣባዲ ነገሩ ገባው። ስሙ አስመራ ላይ የታወቀ ነው፤ እነዚህ ልጆች ግን ከስም በላይ ይፈልጋሉ። ወደ ኣስፋው ሮጦ ሄደ።

«ማይ ጭሆት። ወደ እኔ፣ ከፍ አድርገህ።»

«አታያትም እኮ!»

«አሻማልኝ አልኩህ።»

ኣስፋው አሻማ። ኳሷ ፀሐዩ ውስጥ ገብታ ወጣች። ኣባዲ የት እንዳለች ሳይሆን ድሮ የት ትደርስ እንደነበር አሰበና ወደዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ዘለለ። ኳሷ ግንባሩን ጠርዙ ላይ አገኘችው፤ አግዳሚውን መትታ ወደ ላይ ነጠረች፤ እሱ ደግሞ ሄዶ ከቋሚው ጋር ተላተመ። ስታዲየሙ በአንድ ትንፋሽ ጮኸ። ሲነሣ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደም ጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ ደግነቱ የፈሰሰው በማያይበት ዐይን በኩል ነው። ዳኛው ሊያስወጣው ፈለገ። ኣባዲ በመለያው ጠርጎ፣ «ምንም አልሆንኩም» አለ።

ከኋላው ግዙፉ ተከላካይ በአማርኛ ሲጮህ ሰማ፤ «ዘጠኙን! ዘጠኙን ሁለት ሆናችሁ ያዙት!»

ኣባዲ ከዚያ ቀን ጨዋታ ሁሉ በጣም የተደሰተው በዚህች ቃል ነው።

ጥቂት ቆይቶ ዘርእዝጊ ኳስ ቀምቶ ለኣስፋው ሰጠና ጮኸ፤ «ዓዲ ጓዕዳድ!» ኣባዲ ሮጠ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ከኋላው መጡ፤ የግዙፉን ተከላካይ ትንፋሽ አንገቱ ላይ ሰማው። ኣስፋው ለማሻማት እግሩን ወደ ኋላ ሳበና ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ኋላ ሰደዳት። ክፍሉ የተከላካዩን ጀርባ አይቶ ተነሥቶ ነበር። በግራ እግሩ እንደመጣች መታት። በረኛው አልተንቀሳቀሰም።

መጀመሪያ የጮኸው ጥላው ወገን ነው። ፀሐዩ ወገን ለቅጽበት ዝም አለ፤ ከዚያ አንድ ሰው ጋዜጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ፤ ከዚያ ሁሉም ተነሡ። ክፍሉ ወደ ሕዝቡ አልሮጠም። ወደ ኣባዲ መጥቶ አንገቱን አቀፈው፤ መለያው በደም ራሰ።

አንድ ለአንድ ሆኑ። የአዲስ አበባ ልጆችም ቂሎች አልነበሩም። ወዲያው ሦስተኛ ሰው ለክፍሉ መደቡና መንገዱን ዘጉት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዘርእዝጊ ኳስ ይዞ መሀል ላይ ቆመ። ኣባዲ በሁለት ሰው ተይዟል፤ ክፍሉ በአንድ ተይዟል። ዘርእዝጊ ለኣስፋው ሰጠና ያንኑ ቃል ጠራ። ኣባዲ ሮጠ፤ ሁለቱ ተከተሉት። ክፍሉ ተነሣ፤ ሦስተኛው ተከተለው። ያን ጊዜ ከኋላ እንዲቀር ተወስኖ የነበረው ዘርእዝጊ ራሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሁሉም የለቀቁት ባዶ ሜዳ ውስጥ ገባ። ኣስፋው አየውና ሰጠው። መታት። ኳሷ ቋሚውን መትታ ወጣች። ከዚያ የዳኛው ፊሽካ ተነፋ።

የውድድሩ ደንብ በእኩል ውጤት ካለቀ በሳንቲም ይለይ ይላል። ሁለቱ አምበሎች መሀል ሜዳ ላይ ቆሙ። ሳንቲሙ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፤ የአዲስ አበባው አምበል እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ዋንጫው ሄደ።

ሕዝቡ ሲበተን ተጫዋቾቹ ግቡ ፊት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው ዘርእዝጊ ነው። «በግራ እግሬ መምታት ነበረብኝ» አለ በትግርኛ። «ሰውነቴን እስካዞር በረኛው ጥጉን ዘጋብኝ።»

«እግሩ አይደለም» አለ ኣስፋው። «እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ሰጠሁህ።»

«ሁለታችሁም አይደላችሁም፤ እኔ ትንሽ ቀድሜ ሮጥኩ» አለ ኣባዲ።

ዘርእዝጊ ክፍሉን አየና ወደ አማርኛ ሊዞር አፉን ከፈተ። ክፍሉ እጁን አወዛወዘ። «በትግርኛ ቀጥሉ። ያልገባኝን እጠይቃለሁ።»

መምህር ተወልደመድኅን መጥተው ከአጠገባቸው ቆሙ። ለመቀመጥ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አደረጉና እነሱ መሀል ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ኣባዲን ዝቅ ባለ ድምፅ አናገሩት።

«ያን ዕለት ስለ ዐይን የተናገርኩት...»

«ይተዉት መምህር።»

«አልተወውም። በጥቅምት ቁጭ በል ያልኩህም ለቡድኑ ብዬ አልነበረም። ስትወድቅ ላለማየት ነው።»

«ዛሬ ወድቄ አይተውኛል» አለ ኣባዲ በፋሻ የታሰረ ቅንድቡን እየነካ። መምህሩ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ኣባዲ እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሮት የማያውቀውን ነገር ተናገረ። ሰባት ወር ሙሉ ማንንም ርዳኝ አላለም ነበር። «ለሚመጣው ዓመት አንድ ነገር እፈልጋለሁ። በግራዬ በኩል የሚመጣ ሰው አይታየኝም። ሰው ሲመጣብኝ የሚነግረኝ ያስፈልገኛል። ቃል እናውጣለት፤ ሁልጊዜም አንድ ሰው በግራዬ ይሁን።»

ዘርእዝጊ ከጎኑ አንድ ሣር ነቅሎ ጣለ።

«እኔ እሆናለሁ» አለ። «ግን እኔ በግራህ ከሆንኩ መሀሉን ማን ይይዛል?»

«ክፍሉ መሀል መጫወት ይችላል» አለ ኣስፋው።

«አይችልም፤ ኳስ ቶሎ አይለቅም» አለ ዘርእዝጊ።

«ገባኝ፣ ይህኛው ገባኝ!» አለ ክፍሉ። «እለቃለሁ! አሳዩኝና እለቃለሁ!»

የስታዲየሙ ዘበኛ በሩን ሊዘጋ መጥቶ ከሩቅ ጠራቸው። መምህር ተወልደመድኅን ባርኔጣቸውን አንሥተው ትንሽ እንዲጠብቃቸው ምልክት ሰጡት፤ ክርክሩ ቀጠለ።